30 ሺህ ኢሜይል ገዝቼ ነባር ደንበኞቼን አጣሁ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሽሮሜዳ የሐበሻ ልብስ እሸጣለሁ። ከደንበኞቼ ግማሽ ያህሉ ውጭ አገር ናቸው፤ ዋሽንግተን አካባቢ፣ ቶሮንቶ፣ ፍራንክፈርት። አምና የወንድሜ ልጅ ዌብሳይት ከነዶሜይኑ፣ ማለትም ከነኢንተርኔት ስሙ፣ ከፈተልኝ። በሱቄ ስም ኢሜይልም አለኝ። ለገና ገበያ ብዬ ‹30 ሺህ የዳያስፖራ ኢሜይል› የሚል ፋይል ከቴሌግራም በ4,500 ብር ገዛሁ። በጅምላ መላኪያ አገልግሎት አድርጌ በሁለት ቀን ለሁሉም ላክሁ። አንድም ትዕዛዝ አልመጣም። በሦስተኛው ቀን አገልግሎቱ አካውንቴን አገደው። ይባስ ብሎ አሁን ለድሮ ደንበኞቼ የምልከው ደረሰኝ እንኳ ስፓም (የማይፈለጉ መልእክቶች ማጠራቀሚያ) ውስጥ እየገባ ነው። ሌላም አለ። አንድ ባዛር ላይ ዕጣ አውጥቼ 640 ኢሜይል በደብተር ሰብስቤአለሁ። ልጠቀምበት? ወይስ ሁሉን ትቼ ቴሌግራም ላይ ብቻ ልሥራ? ፋይሉን ደግሞ ጓደኛዬ ስጪኝ ብላኛለች። ምን ይሻለኛል?»

ግራ የገባት፣ ከሽሮሜዳ

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ልብሽ ይረጋጋ። የደረሰብሽ ነገር የሚስተካከል ነው። ጊዜ ይወስዳል እንጂ ሱቅሽን የሚዘጋ አይደለም። ግን የተበላሸው የት ላይ እንደሆነ ካላወቅሽ ለፋሲካ ደግመሽ ትሳሳቻለሽ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

የፋይሉን የመጀመሪያ 40 መስመር ከደብዳቤሽ ጋር ልከሽልኛል። ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አየሁት። 11ዱ «ኢንፎ» ወይም «አድሚን» ብለው የሚጀምሩ ናቸው። እነዚህ የቢሮ ሣጥኖች ናቸው፤ ከኋላቸው ቀሚስ የምትገዛ ሴት የለችም። ሦስቱ አንድ ዓይነት አድራሻ ናቸው፣ ተደግመው የገቡ። አራቱ «ጂሜል ነጥብ ኮም» መሆን ሲገባቸው «ጂሜል ነጥብ ኮን» ብለው ያልቃሉ። ሁለቱ አዲስ አበባ ውስጥ የሥራ ማመልከቻ መቀበያ ናቸው። ከቀሩት ውስጥ የትኛው ዳያስፖራ እንደሆነ ማንም ሊነግርሽ አይችልም። ፋይሉ ላይ ስም የለም፣ ከተማ የለም፣ አድራሻው የተሰጠበት ቀን የለም። ይህን ሰው አልሰበሰበውም። አንድ ሶፍትዌር ከየዌብሳይቱ ለቅሞ ነው ያጠራቀመው።

እንዲህ ያለ ፋይል ውስጥ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ኢሜይል የሚያቀርቡ ድርጅቶችና እንደ ስፓምሃውስ ያሉ ስፓምን የሚከታተሉ ተቋማት ሆን ብለው የሚያኖሯቸው የወጥመድ አድራሻዎች አሉ። ማንም ሰው አይጠቀምባቸውም፤ የትም ቦታ ተመዝግበው አያውቁም። ስለዚህ ወደ እነሱ መልእክት የላከ ሰው አድራሻውን ሳያስፈቅድ እንዳገኘው ወዲያው ይታወቅበታል። አንዳንዶቹ ደግሞ ባለቤቶቻቸው ከዓመታት በፊት የተዉአቸው የሞቱ አድራሻዎች ናቸው፤ በኋላ ወጥመድ ሆነው ይከፈታሉ። አንቺ የትኛውን እንደነካሽ አታይም። የሚታይሽ ውጤቱ ብቻ ነው።

አሁን ደረሰኝሽ ለምን ስፓም እንደሚገባ ልንገርሽ። ጂሜል አንቺን አያውቅሽም። ጥለትሽ ምን ያህል እንደሚያምር አያውቅም። የሚያውቀው ዶሜይንሽን ነው። በዚያ ስም ስንት መልእክት እንደወጣ፣ ስንቱ ወደሌለ አድራሻ ሄዶ እንደተመለሰ፣ ስንት ሰው «ስፓም ነው» ብሎ እንደጠቆመ ይመዘግባል። በየቀኑ አምስት ስድስት ደረሰኝ ይልክ የነበረ ስም በሁለት ቀን 30 ሺህ ሲልክ፣ ብዙውም ተመላሽ ሲሆን፣ ምን ብሎ እንዲያስብ ትፈልጊያለሽ? ከዚያ በኋላ ደረሰኝም ላክሽ ማስታወቂያ የሚታየው በዚያው ስም ነው። 4,500 ብሩ ትንሹ ኪሳራሽ ነው። በንጹሕ ሥራ ያቆየሽውን ስም ነው ይዞብሽ የሄደው።

ከየካቲት ወር 2024 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጀምሮ ጂሜልና ያሁ ነገሩን አጥብቀውታል። ጂሜል ለላኪዎች የስፓም ጥቆማው ከ1 ሺህ መልእክት 3 እንዳይደርስ፣ ቢቻል ከ1 በታች እንዲሆን ይላል። ቁጥሩን ልብ በይው። 1 ሺህ ሰው ውስጥ ሦስት ሰው ተናዶ አንዲት ቁልፍ ከተጫነ በቂ ነው። በቀን 5 ሺህና ከዚያ በላይ ለጂሜል አድራሻዎች የሚልክ ደግሞ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ የሚባሉትን ሦስት ማረጋገጫዎች ዶሜይኑ ላይ ማስገባት፣ እንዲሁም ተቀባዩ በአንድ ጠቅታ ከዝርዝሩ የሚወጣበትን መንገድ ማድረግ ግዴታው ነው። አንቺ ያን ያህል ባትልኪም ሦስቱንም አስገቢያቸው። የወንድምሽ ልጅ በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። መልእክቱ በእርግጥ ከአንቺ ሱቅ መውጣቱን የሚመሰክሩ ናቸው፤ ያለ እነሱ በስምሽ ሌላ ሰውም ሊልክ ይችላል።

ወደ ደብተርሽ ልምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ያውም በቅንነት። እነዚያ 640 ሰዎች አድራሻቸውን የሰጡሽ ለዕጣው ነው። «ጋቢ ይደርሰኝ ይሆናል» ብለው ጻፉ። በየወሩ የቀሚስ ማስታወቂያ ላኪልን አላሉም። ላንቺ ሁለቱ አንድ ሊመስልሽ ይችላል። ለእነሱ ግን አንድ አይደለም። ሰውዬው ባዛሩን ረስቶታል፤ ሱቅሽንም ረስቶታል። በድንገት የማያውቀው ስም ሲመጣበት ማን ነው ይላል፣ ስፓም ላይ ይጫናል።

አንድ የማልረሳው ነገር ልንገርሽ። ወጣት ሳለሁ አንድ አስጎብኚ ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። ለፋሲካ የመልካም በዓል መልእክት ለ300 ያህል ደንበኞች ላክሁ። አድራሻዎቹን ሁሉ ለሁሉም በሚታይበት ቦታ ነበር የደረደርኳቸው። አንዱ ለሁሉም ሲመልስ፣ ሌላው ያንን ሲቃወም፣ ቀኑን ሙሉ ሲንጫጫ ዋለ። ማታ ላይ አንዲት ደንበኛ ደወለች። ከባሏ ሸሽታ አገር የለወጠች ሴት ነበረች። የኢሜይል አድራሻዋን ከሁሉም ሰው ደብቃ ነበር የምትኖረው። አልጮኸችብኝም። «እምነት ሰጥቼህ ነበር» ብቻ ነው ያለችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ የኢሜይል ዝርዝርን እንደ ዕቃ አይቼ አላውቅም። አደራ ነው። እባክሽ አንቺም ከግል ጂሜልሽ ለብዙ ሰው በአንድ ላይ አትላኪ። ተራ ጂሜል በቀን ከ500 ተቀባይ በላይ አያስልክም፤ ዋናው ምክንያት ግን የሰው አድራሻ ለሰው እንዳይጋለጥ ነው።

ደብተሩን እንዲህ አድርጊው። መጀመሪያ ማንበብ የሚቻለውን ለዪ። በእጅ የተጻፈ ኢሜይል ብዙ ስህተት አለበት። የላቲኑ «ኤል» ከቁጥር 1 ጋር፣ «ኦ» ከዜሮ ጋር ይምታታል። የምትጠራጠሪውን አትገምቺ፤ ተዪው። ደግሞ አገር ቤት አንድ ነገር አለ። ብዙ ሰው ጂሜሉን የከፈተለት ስልኩን የሸጠለት ልጅ ነው። ፕሌይ ስቶር እንዲሠራለት ብቻ። የይለፍ ቃሉን እንኳ አያውቀውም። እንዲህ ያለ አድራሻ በትክክል ተጽፎም የሚያነበው የለም። ለእነዚህ ሰዎች ስልክ ቁጥርና ቴሌግራም ይሻላቸዋል።

ከተለዩት ውስጥ ባዛሩ ስድስት ወር ካልሞላው አንድ መልእክት ብቻ ላኪ። ዶሜይንሽ ካገገመ በኋላ፣ በቀን ከሃያ ሠላሳ ሳይበልጥ። ማስታወቂያ አይደለም፤ ጥያቄ ነው። እንዲህ በይ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ባዛሩ ላይ ለጋቢው ዕጣ አድራሻዎን ጽፈውልን ነበር። የሽሮሜዳው የሐበሻ ልብስ ሱቅ ነን። በዓል ሲቃረብ አዳዲስ ሥራዎቻችንንና የማዘዣ ቀኖችን በኢሜይል እንድንልክልዎ ይፈቅዳሉ? ከፈቀዱ ይህን ይጫኑ። ካልተጫኑ ዳግም አንጽፍልዎትም።»

ያልተጫነውን በእውነት ተዪው። ከ640 ሰው 50 እሺ ቢልሽ 50 ሰው አለሽ ማለት ነው። ባዛሩ ስድስት ወር ካለፈው ግን ይህንንም አትሞክሪ፤ ደብተሩን ዝጊው።

መልእክቱ ውስጥ «እርስዎ» ያልኩት ለአክብሮት ብቻ አይደለም። አማርኛ ወንድና ሴት ይለያል። ስሟ ደስታ የሆነች ሴት «ሰላም ደስታ፣ እንዴት ነህ» የሚል ኢሜይል ከመጣላት ማሽን እንደጻፈላት ገባት። ፍቅር፣ ብርሃን፣ እንዲህ ያሉት ስሞች ሁሉ ያስቸግራሉ። በ«እርስዎ» ብትጽፊ ሁሉንም ታከብሪያለሽ፣ ከስህተትም ትድኚያለሽ።

አሁን ዋናው ሥራ፣ አዲሱን ዝርዝር መሥራት። ዌብሳይትሽን አየሁት። መመዝገቢያው ሙሉ ስም ከነአያት፣ ስልክ፣ አገር፣ ከተማ፣ ዕድሜና ኢሜይል ይጠይቃል። ይህ የቪዛ ማመልከቻ ይመስላል። ኢሜይልና መጠሪያ ስም ይበቃሻል። ሌላው ሲያዙ ይመጣል። ከሥሩ ደግሞ «ማስታወቂያ እንዲላክልኝ እፈልጋለሁ» የሚለው ሣጥን አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበታል። አንሺው። ሰው ራሱ ምልክት ያድርግ። አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 25 ቀን 2018 ጀምሮ በሚሠራው የመረጃ ጥበቃ ሕግ አስቀድሞ የተሞላ ሣጥን ፈቃድ አይባልም፤ አንቺ ደግሞ ፍራንክፈርት ደንበኛ አለሽ።

ከተመዘገቡ በኋላ አንድ የማረጋገጫ ኢሜይል ይሂድላቸው። ሊንኩን የተጫነ ብቻ ዝርዝሩ ውስጥ ይግባ። ብዙ ነጋዴ ይህን ይፈራዋል። «ግማሹ ሳይጫን ይቀርብኛል» ይላል። የቀረው ይቅር። አድራሻውን አሳስቶ የጻፈው፣ የሌላ ሰው ኢሜይል ያስገባው፣ በሩ ላይ ይለያል። ማን መቼ እንደፈቀደም ማስረጃ ይኖርሻል።

ሰው ለምን ይመዘገባል? «ለኒውስሌተራችን ይመዝገቡ» የሚለው ጽሑፍ ለማንም ምንም አይነግርም። ብዙዎች ደግሞ 10 በመቶ ቅናሽ ይሰጣሉ። እኔ ለአንቺ አልመክርም። የሸማኔ እጅ ዋጋ አለው፤ ገና ሳያውቁሽ ዋጋ ካወረድሽ ሁልጊዜ ቅናሽ የሚጠብቅ ሰው ነው የምትሰበስቢው። ይልቅ አንቺ ብቻ የምታውቂውን ስጫቸው። ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች ሴት ቀሚስ ስታዝ ትልቁ ጭንቀቷ ልክ ነው። ከሩቅ ሆና እንዴት ትለካ? አንድ ገጽ አዘጋጂላት። ትከሻ ከየት እስከ የት፣ ደረትና ወገብ ሜትሩ ሳይጠብቅ፣ ዳሌ ከሰፊው ቦታ፣ ቁመት ከትከሻ እስከ ወለል በዓሉ ቀን የምታደርገውን ጫማ ተጫምታ። ፈትል ሲታጠብ ምን ያህል ይሰበሰባል፣ ጥለቱ ቀለሙ እንዳይለቅ በምን ይታጠብ። ይህን እናቶቻችን በቃል ነው የነገሩን። «የልክ መውሰጃውን በኢሜይል እንላክልዎ፣ ከበዓል በፊትም እናስታውስዎ» በይ። ይህን ብሎ የሚመዘገብ ሰው ቀሚስ ሊያሰፋ ያሰበ ሰው ነው።

እንደተመዘገቡም ያንኑ ቀን ጻፊላቸው። ሰብስቦ ዝም ማለት መጥፎ ልማድ ነው። ለስምንት ወር ድምፅ ሳታሰሚ ቆይተሽ በታኅሣሥ «ቅናሽ! ቅናሽ!» ብለሽ ብትመጪ ማን ያስታውስሻል? በወር አንድ ጊዜ ይበቃል። ከእንቁጣጣሽ፣ ከገናና ከፋሲካ በፊት አንድ ተጨማሪ። በተለይ «ይህ ልብስ ለበዓሉ እንዲደርስዎ እስከዚህ ቀን ይዘዙ» የሚለው መልእክት ወርቅ ነው። ሽመናውን፣ ስፌቱንና የፖስታውን መንገድ ቆጥረሽ ቀኑን ቁርጥ አድርገሽ ጻፊ። ዋሽንግተን ላይ በበጋቸው ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን እዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። አንቺ ጠዋት ሱቅ ስትከፍቺ ብትልኪ እነሱ ተኝተዋል።

ሌላው፣ ቴሌግራም ላይ የምትለጥፊውን ፖስተር እንዳለ አትላኪ። ጽሑፉ ሁሉ በምስል ውስጥ ከሆነ ምስሉ ካልተከፈተ ባዶ ወረቀት ነው። በጽሑፍ ጻፊ፣ አንድ ሁለት ፎቶ ጨምሪበት። ልብሱን የሠራው ሸማኔ እሺ ካለሽ እጁን ከመወርወሪያው ጋር አንሺው። ርዕሱን አጭር አድርጊ፣ በአማርኛም ይሁን፤ በስልክ ላይ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቃላት ብቻ ናቸው የሚታዩት።

መውጫውን አትደብቂ። ከታች በጉልህ «ከዝርዝሩ መውጣት እፈልጋለሁ» ይበል፤ ሲጫኑትም ምክንያት ሳይጠየቁ ይውጡ። መውጫ ያጣ ሰው የሚያገኘው ቁልፍ ስፓም የሚለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የአሜሪካ ሕግ መውጫ እንዲኖር፣ የላኪው የፖስታ አድራሻ እንዲጻፍ፣ የወጣ ሰውም በ10 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲሰረዝ ያዛል። የካናዳው ደግሞ አስቀድሞ ፈቃድ ይፈልጋል። የእኛም አገር ቢሆን ዝም አላለም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሳያስፈቅዱ የማስታወቂያ ኢሜይል ማሰራጨትን ያስቀጣል፤ ልዩ ሁኔታ ብሎ ካስቀመጣቸው አንዱ የላኪው ማንነትና አድራሻ ተጽፎ ቀላል መውጫ ያለው መልእክት ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። ይህን የምጽፍልሽ ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም። ፋይሉን የሸጠልሽ ሰው ስለዚህ አንዲት ቃል እንዳልነገረሽ ስላወቅሁ ነው።

ስንት ሰው ከፈተው የሚለውን ቁጥር ብዙ አትመኚው። አፕል እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ በአይፎን የኢሜይል መተግበሪያ ሰው ባይከፍተውም እንደተከፈተ የሚያስቆጥር አሠራር አምጥቷል። ዳያስፖራው ደግሞ አይፎን ይወዳል። የተጫኑትን፣ የመለሱልሽን፣ ያዘዙትን ቁጠሪ። «አድራሻው የለም» ተብሎ የተመለሰውን ያኔውኑ ሰርዢ። ዓመት ሙሉ ምንም ያላደረገውን አንድ ጊዜ «አሁንም ይፈልጋሉ?» ብለሽ ጠይቂና ካልመለሰ አውጪው።

ቴሌግራም ብቻ ልሥራ ወይ ብለሻል። ቴሌግራምሽን አትተዪ፤ አገር ቤት ላሉት እሱ ነው። ግን ቻናሉ የሰው ቤት ነው። ነገ ቢዘጋብሽ ተከታዮችሽን ይዘሽ መውጣት አትችዪም። የኢሜይል ዝርዝር ግን ፋይል ነው፤ አገልግሎት ብትቀይሪ ይዘሽው ትሄጃለሽ። ውጭ ያለው ሰው ደግሞ ሥራውም ባንኩም ቲኬቱም በኢሜይል ስለሆነ በየቀኑ ያየዋል።

ዶሜይንሽን ለማዳን ከነገ ጀምሮ ለአንድ ወር ምንም ጅምላ አትላኪ። አዲስ ዶሜይን ልግዛ እንዳትዪ፤ የሚሸሹት እንዲያ ነው የሚያደርጉት፣ አዲስ ስምም ቢሆን ከዜሮ ነው የሚጀምረው። በዚህ አንድ ወር ውስጥ ደረሰኝ ለምትልኪላቸው ደንበኞች በዋትሳፕ ወይም በስልክ ንገሪያቸው፦ «ኢሜይሌ ስፓም ውስጥ ገብቶ ይሆናል፤ እባክዎ ‹ስፓም አይደለም› ይበሉልኝና አንድ መስመር ይመልሱልኝ»። ሰው እንዲህ ሲለምኑት ያደርገዋል፤ በተለይ ልብስሽን ለብሶ የተመሰገነ ሰው። ከዚያ ባለፈው አንድ ዓመት የገዙሽን፣ ይላክልን ያሉሽን 50 ሰዎች ምረጪ፤ ለእነሱ ብቻ ጻፊ። መልስ ከመጣ በሳምንቱ ወደ 100። እንዲህ እያልሽ ወደ ላይ። ለላኪዎች በነጻ የሚሰጠውን የጎግል ፖስትማስተር ቱልስ የወንድምሽ ልጅ ይክፈትልሽ፤ መጠንሽ ከፍ ሲል የስፓም ጥቆማሽን ያሳይሻል።

ያገደሽን አገልግሎትም ጻፊለት። አትዋሺ። «ዝርዝር ገዝቼ ነበር፣ ሰርዤዋለሁ፣ ከእንግዲህ ያስፈቀድኩትን ብቻ ነው የምጠቀመው» በይ። ሊከፍቱልሽ ይችላሉ፤ ባይከፍቱም ሌላ ዘንድ ስትሄጂ ያንን ፋይል ይዘሽ አትሂጂ።

ለጓደኛሽም አትስጫት። ወዳጅሽ ከሆነች ደብዳቤሽንና ይህን መልስ አስነብቢያት። ፋይሉን ከኮምፒዩተርሽም ከስልክሽም ከቴሌግራምሽም አጥፊው፣ ዛሬውኑ። ከዚያ የልክ መውሰጃዋን ገጽ መጻፍ ጀምሪ። ስትጨርሽ ላኪልኝ፤ እኔም ባለቤቴን ለክቼባት አየዋለሁ።